ኦልጋ ሞሮዞቫን በሁለት ሽንፈት ብቻ አታስታውሷት

የሩሲያ ሴቶች ቴኒስ ሲነሳ ሁሉም ሰው ከአና ኩርኒኮቫ ወይም ከማሪያ ሻራፖቫ ይጀምራል። ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። ሁለቱም ሳይወለዱ፣ በፈረንጆቹ 1974፣ የሞስኮዋ ልጅ ኦልጋ ሞሮዞቫ በአንድ ዓመት የፈረንሳይ ኦፕንንም የዊምብልደንንም የነጠላ ፍጻሜ ተጫውታለች።

"ሁለቱንም ተሸነፈች፣ ትልቅ ዋንጫ የላትም" የሚሉም አሉ። ስህተት ነው። አዎ፣ ሁለቱንም የረታቻት አሜሪካዊቷ ክሪስ ኤቨርት ናት። ግን እዚያው ፓሪስ፣ በዚያው ውድድር፣ ሁለቱ ተጣምረው የጥንድ ዋንጫውን ወስደዋል። ቀዝቃዛው ጦርነት ገና አላበቃም እኮ! አንዷ ከሶቪየት፣ አንዷ ከአሜሪካ፣ ከመረቡ በአንድ በኩል ቆመው። ዊምብልደን ላይም ፍጻሜ የደረሰችው በዕጣ ዕድል አይደለም፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን አሜሪካዊቷን ቢሊ ጂን ኪንግን፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደግሞ በአገሯ ሕዝብ ፊት የምትጫወተውን እንግሊዛዊቷን ቨርጂኒያ ዌድን አሸንፋ ነው። ከእሷ በኋላ ሌላ የሶቪየት ሴት ለእንዲህ ያለ የነጠላ ፍጻሜ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጅቷል።

ሌላው ደግሞ "አቅሟ ስላለቀ ተወች" የሚለው ነው። ውድድር ስታቆም 30 ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሶቪየት ኅብረት የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ይሳተፋሉ ብላ ስፖርተኞቿን ከዓለም የቴኒስ ውድድሮች አስወጣች። ይሄ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ምሩጽ ይፍጠርም በ1976 ሞንትሪያል ላይ ያልሮጠው በዚሁ በአፓርታይድ ጉዳይ በተነሳ አድማ ነው። ውሳኔው ለትልቅ ዓላማ ቢሆንም፣ የአትሌቱ ምርጥ ዓመታት ግን አይመለሱም።

"ከዚያ በኋላስ ጠፋች" ለሚሉ፦ አልጠፋችም፣ አሠለጠነች። በ1980ዎቹ የሶቪየት ሴቶች ቡድን በእሷ እጅ ነበር፤ በ1988 እና በ1990 የፌዴሬሽን ዋንጫ፣ ማለትም የአገሮች የሴቶች ቴኒስ ውድድር፣ ፍጻሜ ደርሷል። ውድድሩ ዛሬ የሚጠራው በቢሊ ጂን ኪንግ ስም ነው። ከዚያ እንግሊዝ ሄዳ የዚያን አገር ወጣቶች አሠለጠነች። ከአገሯ ልጆች ደግሞ ኤሌና ዴሜንቲየቫ በእሷ ሥር ሠርታለች።

በ2004፣ ልክ በ30 ዓመቱ፣ የፓሪስ ፍጻሜ በሁለት ሩሲያውያን መካከል ሆነ። አናስታሲያ ሚስኪና ዋንጫውን ወሰደች። የተሸነፈችው ዴሜንቲየቫ ነበረች።