ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በኋላ፦ ማገገምና ማስታመም በወሎ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል መተንፈሻ ማሽን፣ የልብ ምትና የደም ግፊት የሚቆጣጠር ሞኒተር እና ሌት ተቀን የማይለይ ነርስ ያለበት የሆስፒታል ክፍል ነው። ሐኪሞቹም አስታማሚዎቹም ባጭሩ «አይሲዩ» ይሉታል። አነሳሱ እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገንን ከመታው የፖሊዮ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም ጉሮሯቸው ተበስቶ ቱቦ ለገባላቸው ሕመምተኞች የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየገቡ በእጅ አየር እንዲገፉ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ራሱን የቻለ ክፍል ተከፈተ።

በወሎ ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ፣ ከከሚሴና ከባቲ በሪፈር የሚነሳ ጽኑ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ደሴ ነው። የቆቦና የላስታው ወደ ወልድያ ይሄዳል፣ ወይም እስከ ደሴ ይዘልቃል። ለክፍሉ የሚያደርሱት ሕመሞች በየትኛውም የአገሪቱ ሆስፒታል የሚታዩት ናቸው፦ የመኪና አደጋ፣ ወደ ደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ ስትሮክ፣ ብርቱ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የወሊድ ደም ግፊትና መድማት፣ የስኳር ሕመም ቀውስ፣ በፀረ ተባይ መመረዝ።

ጠያቂ የሚጎርፈው ሕመምተኛው ማሽን ላይ ሳለ ነው። ሲወጣ «እንኳን ማረህ»፣ «አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። እድሩም ለሞት እንጂ ለማገገም የተደራጀ አይደለም። ከባዱ የማስታመም ጊዜ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

የሚቀረው ሕመም

ከአይሲዩ የተረፈ ሰው ላይ የሚቀሩት የአካል ድካም፣ የማሰብና የማስታወስ ችግር እንዲሁም የመንፈስ ጭንቀት በአንድ ላይ «ድኅረ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲንድሮም» ይባላሉ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ተመክሮበት በ2012 በጽሑፍ ወጣ። የቤተሰቡ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድብርትም በዚሁ ስም ሥር የራሱ ቦታ አለው።

የሰውነቱ ድካም «ብዙ ቀን ስለተኛ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጽኑ ሕመሙ ራሱ ጡንቻን ይበላል፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት የጭን ጡንቻ ውፍረት በአማካይ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ብዙ የአካል ክፍሎቹ አብረው የደከሙበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐኪሞች ጥንካሬውን በ12 የጡንቻ ቡድኖች ይለካሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከ60 ውስጥ ከ48 በታች ያመጣ ሰው በጽኑ ሕመም የመጣ የጡንቻ ድካም አለበት ይባላል። ቀድመው የሚደክሙት የትከሻና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ ጉርሻ ራሱ የሚጎርስ ሰው ከመጸዳጃ ቤት ብድግ ማለት ሊያቅተው ይችላል። ቤተሰብ «ሰንፏል» የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ስንፍና አይደለም።

ቁጢጥ ብሎ የመነሳትን ነገር ከመውጫው ቀን በፊት ማሰብ ይገባል። በአብዛኛው የወሎ ቤት ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ነው፣ ግቢውም ተዳፋት ነው። መሐሉ የተበሳ ወንበር አናጢ ዘንድ ማሠራት፣ ግድግዳው ላይ መያዣ እንጨት መምታት፣ ለሌሊት ፖፖ ማስቀመጥ ብዙ ውድቀትን ይከለክላል። እንቅስቃሴው አልጋ ጫፍ ላይ እግር አንጠልጥሎ በመቀመጥ ይጀመራል፤ ቀጥሎ ተደግፎ መቆም፣ ከወንበር 5 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ መራመድ ይመጣል። ይህንን አጠር አጠር አድርጎ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መሥራት አንዴ ለረጅም ሰዓት ከመሥራት ይሻላል። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ዓረፍተ ነገር የማያስጨርስ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ማቆም ነው።

መነሳት ላልቻለ ሰው የአልጋ ቁስል ዋናው ስጋት ነው። በየ2 ሰዓቱ ጎን ማስለወጥ፣ የጅራት አጥንቱን፣ ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጭንቅላቱን ኋላ ቀን በቀን ማየት ያስፈልጋል። የቀላ ቦታ በቂቤ ማሸት የተለመደ ቢሆንም ከሥር የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ያደቀዋል። ቀይ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ መታሸት ሳይሆን ከጫና መገላገል ነው የሚፈልገው።

መቃዠትና ግራ መጋባት

ማሽን ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ዴሊሪየም ይይዛቸዋል። ቀንና ሌሊት ይዞርባቸዋል፣ የሌለ ሰው ያያሉ፣ ነርሷ ልትገድላቸው እንደመጣች ያምናሉ፣ ቱቦ ይነቅላሉ። ጸጥ ብሎ፣ ፈዝዞ የሚመጣም ዓይነት አለ፤ ስለማይረብሽ ይረሳል እንጂ ቀላል አይደለም። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ዛር ወይም ጂን መጠርጠሩ አይቀርም። ምክንያቱ ግን ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ ማደንዘዣ መድኃኒትና እንቅልፍ ማጣት ነው፤ እነሱ ሲታረሙ ይለቃል።

አስታማሚ በዚህ ረገድ ከመድኃኒት የማያንስ ሥራ ይሠራል። ዕለቱን፣ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ እየደጋገመ መንገር፣ መነጽሩን ማምጣት፣ ሌሊት የፊቱን መብራት ማስጠፋት ይችላል። ከሁሉም በላይ ቋንቋው አለ። ከከሚሴ ዙሪያ የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ከባቲ በኩል የመጣ አፋርኛ ተናጋሪ አማርኛ ቢያውቅም ግራ በተጋባ ሰዓት የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ የሚያወራው አንድ ሰው ለመግባት ከተፈቀደላቸው መካከል ይኑር።

አእምሮው ከጠራም በኋላ ክፍሉን የሚያስታውሰው በቅዠቱ ነው። የማንቂያ ድምፅ የሚመስል ነገር ሲሰማ ይደነግጣል፤ ከ2013 እስከ 2014 ዓ.ም. የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱ ፍርሃት ይደራረባል። ለዚህ በስካንዲኔቪያ የተጀመረ ርካሽ ዘዴ አለ፦ የዕለት ማስታወሻ ደብተር። አንድ የተማሪ ደብተር ይገዛና ነርሷም ቤተሰቡም በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፉበታል። «አባ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። አሁንም ማሽን ላይ ነዎት። ዓይንዎን ገልጠው ስሜን ስጠራልዎት እጄን ጨበጡኝ።» የላብራቶሪ ቁጥር አይጻፍበትም፣ የቤት ጠብና የብድር ነገርም አይገባበትም። ማንበብ ለማይችል ሰው ልጁ ያነብለታል። ደብተሩ የሚሰጠው ራሱ ሲጠይቅ ነው፤ አንዳንዱ ሦስት ወር ይቆያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይፈልገውም።

አጥሚቱና ጉሮሮው

በጥሩ ልብ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በምግብ ነው። ቱቦ ለቀናት ጉሮሮው ውስጥ የቆየ ሰው መዋጥ ይረሳል። ቱቦው በወጣ ሰዓት ዘመድ በጀርባው እንደተኛ ውኃ ወይም ሾርባ ቢያፈስለት ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ይዞ ወደ ማሽኑ ሊመልሰው ይችላል። ነርሷ መዋጡን ሳትፈትን ምንም በአፉ አይገባም። ሲፈቀድ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያዘነብላል፣ በሻይ ማንኪያ ይጀምራል፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኛም። የሚያንቀው ቀጭኑ ፈሳሽ ነው፤ ወፈር ያለ አጥሚት ከውኃ ይሻላል። ሲውጥ ማሳል፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ እንደረጠበ መንቆርቆር የአደጋ ምልክት ነው።

በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወፍራሙ አጥሚት ቱቦውን ይደፍነዋል። ቀጥኖ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ መጣራት አለበት። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ከምግቡ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ውኃ ይገፋል። የቱቦው ቦታ ሳይረጋገጥ የተሰጠ ምግብ ሳንባ ውስጥ ሊያርፍ ስለሚችል ቱቦው ላይ ያለው ምልክት ከአፍንጫው ፈቀቅ ካለ አለመስጠት ነው።

ጡንቻ የሚመለሰው በፕሮቲን ነው። ለሚያገግም ሰው በአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ከ60 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም ያህል፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት 24 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ሌላ 24 ግራም ገደማ ይሰጣሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም ሲገባ ክርክር ይነሳል። እስልምና በሽተኛን ከጾም ያሳርፋል፤ ክርስቲያኑም ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገር ይፈቀድለታል። አሻፈረኝ ላለው ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ብዛታቸው ይጨመር፤ ቀጭን ሾርባ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም።

ጠበልም በሥርዓቱ ይሁን። አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ሰው ላይ ውኃ ማፍሰስ ወይም ማጥለቅ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ መክተት ነው። ግንባሩንና እጁን በእርጥብ ጨርቅ መቀባት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም።

ኦክስጅን በደጋ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የጤነኛ ነዋሪ የደም ኦክስጅን ጣቱ ላይ ሲለካ 92 ወይም 94 በመቶ ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከደሴ ወጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ለሚወርድ ሳንባው ይቀለዋል። ወደ ደላንታ ደጋ የሚወጣ ግን ከመውጣቱ በፊት እየተራመደ ጭምር መለካት ይኖርበታል። ብዙ ኮንሰንትሬተሮች (ከአየር ኦክስጅን የሚለዩ ማሽኖች) ከ2,000 ሜትር በላይ አቅማቸው ሊወርድ ስለሚችል ሲገዙም ሲዋሱም የከፍታ ወሰኑን መጠየቅ ነው። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ሲሊንደር ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው፣ በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 50 ሰዓት ይበቃል።

ኦክስጅን ባለበት ክፍል ቡና አይፈላም። የከሰል ማንደጃ፣ ዕጣን፣ ጧፍና ሲጋራ ቢያንስ በ3 ሜትር ይራቁ፤ ሌላ ክፍል ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል። ኦክስጅን በሌለበትም ቤት የደሴን ብርድ ለመከላከል በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ የማይታይ ገዳይ ጋዝ ያከማቻል። ለወዳጃ (ለጋራ ጸሎት) የሚሰበሰቡትም ዱዓቸውን በውጪው ክፍል ቢያደርጉ፣ ከመካከላቸው ሽማግሌው ብቻ ገብቶ ቢመርቅ ሳል ያለበት ሁሉ ከሕመምተኛው ይርቃል።

አስታማሚውን ማን ያስታምመው

የሚያዋጣው ዘዴ ሥራን መከፋፈል ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሐኪም ጋር ይነጋገር፣ የሰማውንም ጽፎ ለሌላው ያድርስ። በየተራው አምስት ዘመድ አምስት ጥያቄ ሲጠይቅ አምስት የተለያየ መልስ ይዞ ይወጣና ጠብ ይነሳል። ሐኪሙ ካለፈ በኋላ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ትናንት ከነበረው ምን ተለወጠ? ዛሬ የምትፈሩት ምንድን ነው? ከእኛ የሚፈለገው ምንድን ነው? ማደር በፈረቃ ይሁን። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ የተሳሳተ ብልቃጥ ይዞ ይመለሳል።

የጤና መድህን መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀትና የቀበሌ መታወቂያ አንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጡ፤ ሌሊት የገባ ሕመምተኛ መድህኑ ቤት ተረስቶ ሙሉ ክፍያ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ሕመሙ በእርሻ ወቅት ከመጣ መንደሩ ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት ቢያዋጣ ይበልጣል። በደቦ ወይም በወንፈል የታረሰ ማሳ፣ ጎረቤት ይዟቸው የሚውል ከብቶች አስታማሚውን ከሆስፒታል ሳይነቅሉ ቤቱን ያቆዩለታል።

መርዶ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በአንድ አደጋ አንዱ ሞቶ ሌላው ሲተርፍ ዘመድ ለወራት ይደብቃል። ግራ በተጋባበት ሰዓት መንገር ትርጉም የለውም፤ ይረሳዋል፣ ወይም ከቅዠቱ ጋር ይቀላቅለዋል። ዕለቱንና ቦታውን በትክክል መናገር ሲጀምር፣ ነርስ በአቅራቢያ ሳለ፣ የቅርብ ሰው ብቻውን ቢነግረው ይሻላል። ቀድሞ በቀጥታ ከጠየቀ «ደህና ነው» ብሎ መዋሸት በኋላ በአስታማሚው ላይ ያለውን እምነት ያጠፋል፤ «ስትበረታ ሁሉን እንነጋገራለን» ማለት ይቻላል። ፀረ ተባይ ጠጥቶ የተረፈ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ነቀፋውን ትቶ መርዙን ከቤት ያስወጣ፣ ብቻውንም አይተወው፤ ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ ሐኪም ይየው።

ከወጡ በኋላ

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ወር ጸጉር በብዛት ሊረግፍ ይችላል፤ ይመለሳል። ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ የጨጓራ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ማንም ሳያቆመው ለዓመት ሲወሰድ ይገኛል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ክኒኖቹን ሁሉ ከነመያዣቸው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር፣ ያንድ እግር እብጠት፣ አዲስ ግራ መጋባት ቀጠሮ አይጠብቁም።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው አንድ ምልክት አለ። ቱቦው ከወጣ ከሳምንታት በኋላ አየር ሲያስገባ የሚያፏጭ፣ ሲራመድ የሚብስ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ቱቦው የነበረበት የአየር ቧንቧ ጠባሳ ሠርቶ እየጠበበ ሊሆን ይችላል። በጤና ጣቢያ «አስም ነው» ተብሎ መንፊያ ይሰጠውና አይሻለውም። አስታማሚው «ማሽን ላይ ነበር፣ ቱቦ ገብቶለት ነበር» ብሎ ቀድሞ ከተናገረ በአንገት በላይ ሐኪም እንዲታይ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍለታል።