ግራውንድ ምንድን ነው? የጉምጉምታ መጣያ ጉድጓድ ግን አይደለም

አምፕሊፋየር «እምምም» ባለ ቁጥር አንድ አዋቂ ብቅ ይልና «ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቅበርለት፣ ከሰልና ጨው ጨምርበት፣ ጫጫታው ወደ መሬት ይፈሳል» ይላል። አሁን ደግሞ «የጅማ አፈር እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይመጠዋል» የሚል ተጨምሮበታል። እርጥብ አፈር ለዘንጉ ጥሩ ነው፤ ልክ ነው። ጫጫታን ግን የሚመጥ አፈር የለም። ኮረንቲ ዞሮ ወደ ምንጩ ይመለሳል እንጂ መሬት ገብቶ አይቀርም።

ለድምፅ ዕቃ ግራውንድ ማለት ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ፣ ዜሮ ነው። ቡና መዛኝ ይህን ያውቃል፤ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ካላለ ፈረሱላው 17 ኪሎ አይሆንም። ሚዛኑ ያለበት ወለል በሰከንድ 50 ጊዜ ከፍ ዝቅ ቢል መርፌው ይንቀጠቀጣል፣ ቡናው ግን ያው ነው። አምፕሊፋየሩም የወለሉን መንቀጥቀጥ ከዘፈኑ ጋር መዝኖ ለስፒከር ያቀብላል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል፦ በኤሌክትሪክ ሁለቱ ዕቃዎች እኩል አብረው ከፍ ዝቅ ቢሉ ምንም አይሰማም። ጣጣው ያለው በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቴሌቪዥኑ አንዱ ግድግዳ ላይ፣ አምፕሊፋየሩ ሌላው ላይ ተሰክቷል። በግድግዳው ግራውንድ ቀድመው የተገናኙትን ሁለቱን ዕቃዎች የአርሲኤ (የድምፅ) ገመዱ ሽፋን ሽቦ ደግሞ ሲያገናኝ ቀለበት ይዘጋል፤ በዚያ ላይ ጥቂት ኮረንቲ ይዞራል። ከዲሽ የሚመጣው ኬብልም ምሰሶው ቆርቆሮውን ከነካ ሌላ ቀለበት ነው። የዘፈኑ ሲግናል ወደ 300 ሚሊቮልት ነው፤ 1 ሚሊቮልት ልዩነት ዘፈኑ ጸጥ ሲል በደንብ ይሰማል። ጓሮ የተቀበረው አዲሱ ዘንግ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቀለበቱን ያሰፋዋል።

ከዚያም የባሰ አለ። ዘንጉ ከቤቱ ዋና ግራውንድ ጋር ሳይታሰር ለብቻው 50 ኦም ቢኖረውና ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) የዕቃውን የብረት ሳጥን ቢነካ፣ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ብቻ ይሄዳል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወድቅም፤ ሳጥኑ ፌዝ እንደያዘ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ዘንጎች ሁሉ አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ይገባል። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንድ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የዕቃው ሳጥን ሁሉ ይይዛል። «በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ሰካሁት፣ ጸጥ አለ» የሚሉም አሉ። ጸጥ ይላል፣ ቀለበቱ ተቆርጧላ! መከላከያውም አብሮ ተቆርጧል።

መፈለጊያው ቀላል ነው። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን ገመዶች በሙሉ ንቀሉ። ጉምጉምታው ከጠፋ አንድ በአንድ መልሱ፤ የተመለሰበት ገመድ ተጠያቂው ነው። የዲሹ ኬብል ከሪሲቨሩ ሲነቀል ዝም ካለ ቀለበቱ በዚያ ነው። ላፕቶፕ ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ዝም ካለም እንደዚሁ። ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ በሲግናሉ ገመድ ላይ አንድ ለአንድ የድምፅ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ይገባል። ስታብላይዘር መግዛት ለዚህ አይረዳም፤ እሱ የሚያስተካክለው የቮልቴጅ ከፍ ዝቅታን ነው።

ሁሉም ተነቅሎ አሁንም የሚጮህ ከሆነ፣ በተለይ ድምፁ ወደ 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ) ሆኖ ከተሰማ፣ ግራውንዱን ተዉት። ብዙ ጊዜ የደከመው የፓወር ሰፕላዩ ፊልተር ካፓሲተር (ቮልቴጁን የሚያለሰልሰው ክፍል) ነው። እሱን የሚነካ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል።