ስፓይ የሚጫወት ሰው ፈሪ ነው? ስለ ስውር ክላሶች የሚወሩ ስህተቶች

በቲም በሚካሄዱ የተኩስ ጌሞች ውስጥ ተደብቆ ከኋላ የሚመጣ ክላስ (የራሱ መሣሪያና ችሎታ ያለው፣ ተጫዋቹ የሚመርጠው ገጸ ባሕሪ) ሁሌም ወዳጅ አያጣም፣ ግን ለምን እንደሚወደድ ሲወራ የምሰማው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም። እኔ ቲም ፎርትረስ 2 የሚባለው ጌም ላይ ስፓይን፣ ማለትም ሰላዩን ክላስ፣ ለዓመታት ስለተጫወትኩት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

"መተኮስ የማይችል ነው የሚመርጠው" ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ የስፓይ ሄልዝ (የሕይወት ነጥብ) 125 ነው፣ የግዙፉ ክላስ የሄቪ ደግሞ 300፣ ፊት ለፊት ከተያያችሁ አለቀ በቃ። ኢላማ መምታት አንድ ችሎታ ነው፣ ሰውዬው አሁን ወዴት እያየ እንደሆነና ቀጥሎ ወዴት እንደሚዞር ማወቅ ደግሞ ሌላ ችሎታ ነው። ጣቱ ያን ያህል የማይፈጥን ሰው ሌላውን በማንበብ የሚያሸንፍበት ቦታ ስላገኘ ነው የሚወደው፣ ይሄ ፍርሃት አይደለም።

"ካልታየማ ምን ይሆናል፣ ማጭበርበር ነው እኮ" የሚለው በጣም የተለመደው ነው፣ ከሁሉም የራቀ ስህተትም እሱ ነው። ስፓይ እጁ ላይ የሚያስረው፣ የማይታይ የሚያደርገው ሰዓት፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ማለቴ ነው፣ 10 ሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው፣ ተሰውራችሁ እያለ መተኮስም መውጋትም አይቻልም፣ ስትገለጡ ደግሞ ድምፅ አለው። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ጥግ ይዤ ሜዲካቸው (ቲሙን የሚያክመው ክላስ) እስኪያልፍ እየጠበቅኩ ሳለ ከኋላው የሚሮጥ አንዱ ትከሻዬን ገጨኝ እንበል፣ ሰውነቴ ብልጭ ይላል፣ እሱም ወዲያው ዞሮ ይተኩሳል፣ ሁለት ደቂቃ የለፋሁበት መንገድ እዚያው ያበቃል። የነሱን ሰው መስሎ መግባትም እንደዛው ነው፣ ምክንያቱም የአንድ ቲም ሰዎች ሳይጋጩ አንዱ በሌላው ሰውነት ውስጥ ያልፋሉ፣ ጠላት ግን ይጋጫል፣ ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የራሱን ሰው ሁሉ እየገፋ ይፈትናል። ፓይሮ፣ እሳት የሚረጨው ክላስ፣ ደግሞ በእሳት ጠረግ ካደረጋችሁ መደበቅ የሚባል ነገር የለም። ደስታው ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ልብ እየመታ ትክክለኛዋን ሰከንድ መጠበቁ ላይ።

"ኦቨርዋች ያመጣው ፋሽን ነው" የሚሉም አሉ። የዚያ ጌም ስውር ገጸ ባሕሪ ሶምብራ የመጣችው በ2016 ነው፣ ስፓይ ግን በ1996 ኳክ በሚባለው ጌም ላይ በተሠራው የመጀመሪያው ቲም ፎርትረስ ውስጥም ነበር። በ2003 የወጣው ዎልፈንስታይን ኤነሚ ቴሪቶሪም የሞተ ጠላት ዩኒፎርም ገፎ የሚለብስ ክላስ ነበረው።

"ለቲሙ አይጠቅምም፣ ኪል ብቻ ነው የሚፈልገው" ለሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቲም ውስጥ ሦስት አራት ስፓይ ከሆነ ፊት የሚዋጋ ይጠፋል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። አንድ ጥሩ ስፓይ ግን ቲሙን በሙሉ ያገተውን ሴንትሪ (በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ) ሳፐር የሚባለውን ማበላሻ ለጥፎ ያፈርሰዋል፣ አንዴ ከኋላ ከታየ ደግሞ ፓይሮው ግንባሩን ትቶ ሜዲኩን ለመጠበቅ ይቀራል፣ ያ ፊት ለፊት አንድ ሰው ቀነሰ ማለት ነው፣ ስኮር ቦርዱ ላይ ግን አይጻፍም።

"መከላከያ የለውም" ለሚሉትም፣ አለው። ሪሎድ ባደረጋችሁ (ጥይት በሞላችሁ) ቁጥር አንዴ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ እዩ፣ ብቻውን ወደ እናንተ የሚመጣ የራሳችሁ ሰው ካለ አንድ ጥይት ሞክሩበት፣ የናንተ ከሆነ ምንም አይነካውም።