ሳህኑ ባዶ ነው፣ አትክልቱ ግን የት ገባ?

"ልጄ አትክልት ይበላል" የማይል ወላጅ የለም። "በቀን ስንት?" ሲባል ግን ሁላችንም ዝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ አትክልትና ፍራፍሬ ተደምሮ ቢያንስ 350 ግራም፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ደግሞ 400 ግራም በቀን ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን እንዴት ይለኩታል? እዚህ ላይ ነው ተረቱ የሚበዛው።

"የቀረበው ሁሉ ተበልቷል።"
ኧረ ተዉ! አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ መንግሥት የሚደጉመውን የትምህርት ቤት ምሳ የሚወስድ ተማሪ ቢያንስ ግማሽ ኩባያ አትክልት ወይም ፍራፍሬ ማንሳት አለበት። ደንቡ አንሳ ይላል እንጂ ዋጥ አይልም። ስለዚህ አጥኚዎች ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ይቆማሉ። ምሳ ከመቅረቡ በፊት የተወሰኑ ጭልፋዎችን መዝነው አማካዩን ይይዛሉ። ከምሳ በኋላ የእያንዳንዱን ልጅ ትራፊ መዝነው ይቀንሳሉ። ካሮቱ ከሩዝ ጋር ተደባልቆ ከተረፈ ቁጭ ብሎ መልቀም ነው። ለጓደኛ የተሰጠውና ጠረጴዛ ስር የተጣለው ግን ሚዛኑ ላይ "የተበላ" ሆኖ ይገባል።

"በዓይን መገመት ሥራ አይደለም።"
ነው። ልምምድ ያደረገ ሰው ሙሉው፣ ሦስት አራተኛው፣ ግማሹ፣ ሩቡ ቀረ እያለ ሲመዘግብ ውጤቱ ከሚዛኑ ብዙም አይርቅም። ትሪውን ከምሳ በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

"ልጁን ብንጠይቀው ይነግረናል።"
ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትናንት የበላውን በመጠን መናገር ይከብደዋል። ከፍ ያለው ደግሞ ቲቸር ደስ የሚላትን ይመልሳል። እኛ ቤት ሲሆንማ ይብሳል፦ ከአንድ ትሪ አራት ልጅ ሲጎርስ ማን ስንት ጎመን እንደደረሰው እናትም አታውቅም።

"የጾም ምግብ አትክልት ነው።"
ይሄ የራሳችን ነው። ሽሮና ምስር ጥራጥሬ ናቸው። ምግብ ቤት "አትክልት" ብለን የምናዘው ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ድንችን ከ400 ግራሙ ውስጥ አይቆጥርም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ምሳ ደንብ ግን ይቆጥራል። የሁለት አገር ቁጥር ጎን ለጎን ካያችሁ መጀመሪያ ስለ ድንቹ ጠይቁ።

"ጣት የሚያነበው መሣሪያ ሁሉን ያያል።"
ብርሃን እየላከ የጣት ቆዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ካሮቲኖይድ፣ ማለትም ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ዓይነት የአትክልት ቀለም፣ የሚያነብ መሣሪያ አለ። አይወጋም፣ አያምም፣ ከአንድ ቀን ምሳ ይልቅ ያለፉትን ሳምንታት አመጋገብ ያሳያል። ካሮትና ጎመን ጎልተው ይታዩታል። የቀይ ስር ቅላት ግን ከካሮቲኖይድ አይደለም፣ ቤታላይን ከሚባል ሌላ ቀለም ነው። ስለዚህ ቀይ ስር ሲበላ የከረመ ልጅ ምላሱ ቀልቶ ቢመጣም፣ መሣሪያው "ምንም አላየሁም" ይለዋል።