ደንገል በኩሬ ዳር

ባሕር ዳር የሄደ ሰው ደንገልን ሳያይ አይመለስም። ጣና ዳር፣ አናቱ ላይ እንደ ተንጨባረረ ጎፈሬ የተበተነ አረንጓዴ ጸጉር ያለው ረጅም ተክል ካያችሁ እሱ ነው። ብዙ ሰው ሣር ይለዋል፤ ግን የቄጤማ ዘመድ ነው። ግንዱን ዳበስ አድርጉት፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ከተመቸው 4 እና 5 ሜትር ይደርሳል።

የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩት ከዚሁ ተክል ነው። ጣና ላይ ደግሞ ታንኳ ይሆናል፤ የግንዱ ልብ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለሆነ ደርቆ ሲታሰር ሰውም እንጨትም ተሸክሞ ይንሳፈፋል። በዚህ ሙያ በተለይ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ ዓመት ከሞላ ጥሩ ነው።

ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገሉ ግን እየሳሳ ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ባሕር ሸሽ እርሻ ይከተለዋል፣ እምቦጩም አለ። ያሳዝናል፤ ከማሳ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራው፣ ለወፉ ጎጆ ለዓሣው መደበቂያ የሚሆነው እኮ እሱ ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ኩሬ ወይም ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ካለ ደንገልን መትከል ከባድ አይደለም። ከዘር ማብቀሉ ትዕግሥት ስለሚፈልግ፣ ጭቃው ውስጥ የተጋደመውን ወፍራም ሥር ከነቡቃያው ቆርጣችሁ ትከሉት። ከላዩ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል። ፀሐይ ይወዳል፣ ንፋስ ይሰብረዋል። ያረጀውን ግንድ ከሥሩ ቁረጡት፣ አዲሱ ይተካል። ኩሬው ትንሽ ከሆነ ወይም ሸራ ከተነጠፈበት በባልዲ፣ በጥቁር አፈር ትከሉት። ማዳበሪያ አታብዙ፣ ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ይሆናል። ውርጭ አይችልም፤ አውሮፓ ወይም አሜሪካ በረዷማ አካባቢ ያላችሁ ክረምቱን ባልዲውን ቤት አስገቡት።

ፊላም ያው ውሃ ዳር የሚበቅል ነው፣ ግን ለትንሽ ኩሬ አልመክረውም። ሥሩ ይሮጣል፣ እንደ ጥጥ የሚበነው ዘሩን ደግሞ ንፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ሳታስቡት ውሃችሁን ይወርሰዋል። ሸምበቆም ሥሩ አንዴ ከያዘ መንቀል ፈተና ነው፣ ሰፊ ቦታ ላለው ግን ለአጥር ይሆነዋል።

ቦታ ለጠበበው ቄጤማ ይሻላል። ቁመቱ እንደ ደንገል አይደለም፣ እርጥብ መሬት ካገኘ ግን ሌላ አያስቸግርም። ለቡናው ጉዝጓዝ ከደጃችሁ ታጭዳላችሁ፤ ለቀዳም ስዑር ካህናቱ የሚያድሉት ግን ከቤተክርስቲያን ነው።