ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ እጅ፦ በጨረታ መመሳጠር ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ሳለሁ ለኮምባይንድ ዴስክ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ቀረበልን። ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ ሦስት ፊርማ አለው፤ በወረቀት ደረጃ የጎደለ ነገር የለም። ሒሳቡን የማመሳከር ተራ የእኔ ነበርና ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። አንደኛው ላይ «ቱቦላሬ» የሚለው ቃል «ቱላቦሬ» ተብሎ ተጽፏል። ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ሁለተኛውም ላይ «ቱላቦሬ»፤ ሦስተኛውም ላይ «ቱላቦሬ»። ሦስት ወርክሾፖች አንድ ዓይነት ዴስክ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ግን በአጋጣሚ አይሳሳቱም።

በጨረታ መመሳጠር የሚባለው ይህ ነው። ይፎካከራሉ ተብለው የሚጠበቁ ነጋዴዎች ማን በስንት ብር እንደሚያሸንፍ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ይስማሙና ገዥው ፊት ተፎካካሪ መስለው ይቀርባሉ። ሙሽራው አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሚዜዎች ናቸው። ሚዜዎቹ ዋጋቸውን ከፍ አድርገው የሚጽፉት የሙሽራው ዋጋ ርካሽ መስሎ እንዲታይ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሙሽርነቱ በተራ ይሆናል፤ የዛሬው ለእኔ፣ የሚቀጥለው ለአንተ። «እንደ ዕቁብ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ምሳሌው ያነክሳል። ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው የሚወስደው አባላቱ ከየኪሳቸው ያዋጡትን ነው። እዚህ ግን ዕጣውን የሚያወጡት ነጋዴዎቹ፣ ገንዘቡን የሚያዋጣው ሕዝቡ ነው። «ደሴ የእናንተ፣ ከሐረጎ ወዲያ ኮምቦልቻ የእኛ» ተባብሎ ገበያ መከፋፈልም የዚሁ ነገር የቅርብ ዘመድ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 7 ተፎካካሪዎች ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ገበያ እንዳይከፋፈሉና በጨረታ እንዳይመሳጠሩ ይከለክላል። በሌሎች ስምምነቶች ላይ «ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ግን ሕጉ ለዚህ ክርክር በር አልከፈተም። ቅጣቱም የዓመታዊ ሽያጭን 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ መሆኑ ልብ ይባል፤ ትርፉ ስስ ለሆነ ነጋዴ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አዋጁን ሲያስፈጽም የቆየው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ዛሬ የለም፤ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

የነገሩን ስፋት ለማየት ደቡብ አፍሪካን መመልከት ይበቃል። ለ2010 የዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች ሲገነቡ ትልልቅ ተቋራጮች ሥራውን አስቀድመው ተከፋፍለውት ነበር። በሌሎች ጨረታዎችም ለተሸናፊው የሚከፈል «የመሸነፊያ» ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ጋር ጉዳያቸውን በስምምነት የጨረሱ 15 ድርጅቶች በድምሩ 1.46 ቢሊዮን ራንድ ለመክፈል ተስማሙ።

ዋጋ ስለተቀራረበ ብቻ ግን ሰውን መጠርጠር ተገቢ አይደለም። ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ብረት ሠሪዎች ላሜራውን ከአንድ አከፋፋይ ከገዙ ዋጋቸው ቢመሳሰል ምን ይገርማል? ጥፋቱ ተነጋግሮ ማመሳሰሉ ላይ ነው። ትልቅ ሥራ ለየብቻ የከበዳቸው ሁለት ወርክሾፖች በግልጽ «በጥምረት ቀርበናል» ብለው አንድ ሰነድ ቢያስገቡም ነውር የለበትም፤ ገዥው የሚያውቀውን ነገር ምሥጢር አይሉትም። በነጋዴዎች ስብሰባ ላይም ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጥሬ ዕቃ እጥረት እንደልብ ማውራት ይቻላል። «ለዚያ ጨረታ ስንት ልታስገባ አስበሃል?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ ግን ሲኒውን አስቀምጦ መውጣት ይሻላል።

በእኔ ግምት ቀዳዳው ያለው ፕሮፎርማውን ማን ይሰበስባል በሚለው ላይ ነው። የእኛን ሦስት ወረቀቶች ያመጣልን ራሱ ሻጩ ነበር፤ «እናንተ አትድከሙ» ብሎ። ደግነቱን ወደድንለት።

በማግሥቱ ሁለት ሆነን በእግራችን ዋጋ ልንጠይቅ ስንወጣ በሦስተኛው ፕሮፎርማ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሣው ሰው ጨዋ ነበር። ዴስክ እንደማይሠራ፣ ሠርቶም እንደማያውቅ ነገረኝ። የሚሸጠው የግድግዳ ቀለም ነው።