የፋንክሽን «ውል» ሲፈርስ ጥፋቱ የማን ነው?

ሰሞኑን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ አንዴ ልሞክረው። ፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ላይ «ውል» መጻፍ ማለት ሁለት ነገር ማስቀመጥ ነው፦ ሥራው ሲጀመር እውነት መሆን ያለበትና ሲያልቅ እውነት ሆኖ መገኘት ያለበት።

ከሂሳብ ላይ ብር የሚቀንስ ፋንክሽን አስቡ። የመግቢያው ውል፦ የሚወጣው ብር ከዜሮ ይበልጣል፣ ካለው ሂሳብ ግን አይበልጥም። የመውጫው ውል፦ ቀሪው ከበፊቱ ላይ የወጣው ተቀንሶ የሚገኘው ነው። 500 ብር ካለው ሂሳብ 700 ይውጣ ብሎ የጠራ ኮድ የመግቢያውን ውል አፍርሷል። ጥፋቱ የጠሪው ነው። 200 ወጥቶ 310 ከቀረ ግን ጥፋቱ የራሱ የፋንክሽኑ ነው። ስህተቱን የት እንደምትፈልጉ ወዲያው ታወቀ ማለት ነው።

ብዙዎች የሚምታታባቸው ሌላ ቦታ ነው። ውል የተጠቃሚን ግብዓት ማጣሪያ አይደለም። ደንበኛ 700 ብሎ ቢጽፍ ያለ ነገር ነው፤ በተራ «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» በሚል ትእዛዝ) ፈትሻችሁ በትህትና መልሱት። ውል ከፈረሰ ግን የተሳሳተው ፕሮግራመር ነው።

የውል አጻጻፍ እንደ ፕሮግራም ቋንቋው ይለያያል። ኤፍል (Eiffel) የተባለው ቋንቋ ከተፈጠረበት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለው። የአዳ ቋንቋ በ2012 (እ.ኤ.አ.) እትሙ አስገብቶታል። ፓይተን ውስጥ ብዙው ሰው «አሰርት»ን («ይህ እውነት ካልሆነ ስህተት አውጣ» የሚል ትእዛዝ) ይጠቀማል። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ፦ ፓይተን በ«ሰረዝ ኦ» (-O) አማራጭ ከተነሳ አሰርት ጭራሽ አይሠራም። የይለፍ ቃል ፍተሻ በአሰርት የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ቀይሩት።